ሁለት ቫልቭ፣ አንድ ጭብጨባ

በየሳምንቱ አንድ ፎቶ ይዞራል። ልጅቷ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ ከሥሯ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ከዚያ «ሼር በማድረግ ነፍስ ያድኑ» የሚል ተማጽኖ። በመሃል ብዙ ሰው ሳያነባት የሚያልፋት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ሁለት የልቧ ቫልቭ ተበላሽቷል።» ብሩ ከሞላ ልጅቷ ትታከማለች። ከወራት በኋላ ሌላ ፎቶ ይለጠፋል፤ «ቀዶ ሕክምናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል፣ ፈጣሪ ይመስገን» ይላል። አስተያየት መስጫው በቀይ ልብ ይሞላል። ጉዳዩም እዚያ ላይ ተዘጋ ይባላል።

አልተዘጋም። ለልጅቷ ገና መጀመሩ ነው። ችግሩ ደግሞ ይህን የማያውቀው ሼር ያደረገው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። የጤና በጀት የሚመድበው፣ ሪባን የሚቆርጠው፣ «ይህን ያህል የልብ ቀዶ ሕክምና ተሠራ» ብሎ ሪፖርት የሚያነበውም ጉዳዩን የሚዘጋው እዚያው ጋ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ። ልብ አራት በር አላት። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ፣ ማይትራልና አኦርቲክ የሚባሉት፣ ከሳንባ የመጣውን ደም ተቀብለው ለመላ ሰውነት የሚያሳልፉ ናቸው። ትልቁ ግፊት ያለው እነሱ ጋ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እነዚህ በሮች ዛሬ በአብዛኛው የሚበላሹት በእርጅና ነው። በኢትዮጵያ የሚበላሹት በልጅነት ነው፤ መነሻውም ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል። ሰውነት እሱን ሊዋጋ ያመረተው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይወጋል። ጉልበት ያብጣል፣ ይተወውና ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ሰፈሩ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ መቶት ነው» ይላል። ጉሮሮው የታመመ ጊዜ ደግሞ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ልጁ ለቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል ሲቆረጥ ባክቴሪያው አብሮ አይቆረጥም።

ጥቃቱ በተመላለሰ ቁጥር የቫልቩ ክንፎች ይወፍራሉ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ይጣበቃሉ፣ የሚይዟቸው ክሮች ያጥራሉ። በሩ ወይ በቅጡ አይከፈትም፣ ወይ በቅጡ አይዘጋም፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም። ቀድሞ የሚጠቃው አብዛኛውን ጊዜ ማይትራሉ ነው፤ አኦርቲኩ በድጋሚ ጥቃት ይጨመራል። እንግዲህ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሁለቱም ቫልቭ የተበላሸባት ልጅ፣ በአብዛኛው፣ የጤና ሥርዓቱ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ያመለጣት ልጅ ናት። በመጀመሪያው የጉሮሮ ሕመም ፔኒሲሊን ቢሰጣት፣ በመጀመሪያው የመገጣጠሚያ እብጠት ቢታወቅላት፣ ከዚያም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌዋን ሳታቋርጥ ብትወጋ ኖሮ የአኦርቲኩ ነገር ባልተነሣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወገን በፍጥነት እጁን ያወጣል። «ታዲያ መከላከል ላይ ነው መሥራት! አንድ ቀዶ ሕክምና በሚፈጀው ገንዘብ ስንት ሺህ መርፌ ይገዛል? ሳይቃጠል በቅጠል!» ይላል። ይህ ወገን በስብሰባ አዳራሽ ብዙ ነው፤ ንግግሩም ለጆሮ ይጥማል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። መርፌው መቅደም እንዳለበት የሚክድ ሐኪም የለም። ነገር ግን ቅጠሉ የሚሠራው ላልተቃጠለው ነው። ቤቱ የነደደበት ሰው ዛሬ በር ላይ ቆሟል። የተጣበቀን ቫልቭ የሚያላቅቅ መርፌ የለም፤ የተበሳጨ ልብን የሚያስታግስ ኪኒን ጊዜ ይገዛል እንጂ በሩን አይጠግንም። ለዚህች ልጅ «መከላከል ይቀድማል» ማለት በጨዋ ቋንቋ «አንቺ ሙቺ» ማለት ነው።

ቁጥሩም ይኸው። ሬሜዲ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ተከታትሏል። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው 28። በሁለት ዓመት ውስጥ 16.9 በመቶው ሞቱ። ሞቱ የተባሉት ሽማግሌዎች አይደሉም። ያልተዳሩ፣ ገና የወለዱ፣ ሥራ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በኢኮ ማሽን የተደረጉ ምርመራዎች ደግሞ ከአንድ ሺህ ተማሪዎች መካከል ከአሥር በላይ የሚሆኑት ሳያውቁት የዚህ በሽታ ምልክት ልባቸው ላይ እንዳለ አሳይተዋል። ዛሬ መከላከሉ ያለ እንከን ቢጀመር እንኳ ለሚቀጥሉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ትውልድ ቀድሞ ተወልዷል፤ ትምህርት ቤት ተቀምጧል።

ሁለተኛው ወገን ተቃራኒው ነው። እሱ ቀዶ ሕክምናን ይወዳል፤ በተለይ መቁጠሩን። የውጭ ቡድን ይመጣል፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ የተሠራው ቁጥር ይነገራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል። እነዚህን ሐኪሞች ማመስገን ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን ከፍለው፣ ዕቃቸውን ተሸክመው የሚመጡ ናቸው፤ ስንት ነፍስም አትርፈዋል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በዚህ አሠራር ማን ይመረጣል፣ ማንስ ይቀራል?

አንድ ሳምንት ያለው ቡድን ቀለል ያለውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። በተፈጥሮ ቀዳዳ ያለባት የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ቀዶ ሕክምና ተፈውሳ፣ ሰው ሠራሽ ዕቃ ሳይገባላት፣ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ሳያስፈልጋት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ማይትራሏ ብቻ የጠበበባት ወጣት ደግሞ ከነጭራሹ ደረቷ ሳይከፈት፣ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1980ዎቹ ባስተዋወቀው ፊኛ፣ በእግሯ የደም ሥር በኩል ተገብቶ በሩ ሊሰፋላት ይችላል። ሁለት ቫልቭ የተበላሸባት ግን የአንድ ቀን ሙሉ የቀዶ ክፍል ትወስዳለች፣ ሁለት ውድ ቫልቭ ትፈጃለች፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከሌላው የበለጠ ልትቆይ ትችላለች፣ የመሞት ዕድሏም አንድ ቫልቭ ብቻ ከሚቀየርላት ከፍ ያለ ነው። ቡድኑ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ሳለ እሷ ብትባባስ ማን ያያታል? ስለዚህ «ለሚቀጥለው» ትባላለች። በሚቀጥለውም ያው ሒሳብ ይሠራል። በመሃል ልቧ ይሰፋል፣ የሳንባዋ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሦስተኛው ቫልቭ፣ በቀኝ በኩል ያለው ትራይከስፒድ፣ መላላት ይጀምራል፤ እግሯና ሆዷ ያብጣል። ትናንት ከባድ የነበረችው ዛሬ «ጊዜው አልፏል» የሚባልላት ትሆናለች። ማንም በክፋት አልገደላትም፤ ሁሉም ቁጥሩን አሳምሯል።

ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል ማወቅም ክርክሩን ይረዳል። ደረት ይከፈታል፣ ደም ወደ ልብና ሳንባ ማሽን ይዞራል፣ ፖታሲየም የበዛበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ልብን ያቆማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል፤ ልብ ቆማ በቆየች ቁጥር መልሶ ማስነሣቱ ይከብዳል። ሁለት ቫልቭ ማለት ያ ሰዓት በእጅጉ ይረዝማል ማለት ነው። ሁለቱ በሮች አንድ ግድግዳ ይጋራሉና አንዱን ሲሰፉ ሌላውን ማጣመም አለ፤ ለዚህም ነው ብዙ ቀዶ ሐኪሞች የተበላሸውን ከሁለቱም ካነሡ በኋላ ማይትራሉን አስቀድመው ሰፍተው አኦርቲኩን የሚያስከትሉት። የማይትራሉን ክሮች ሁሉ ቆርጦ መጣል ደግሞ ሥራን ያቀላል፣ ልብን ግን ያደክማል፤ የሚቻለውን ያህል ማቆየት ያስፈልጋል። ይህ በዓመት ሁለት ሳምንት በሚመጣ እንግዳ የሚለመድ እጅ አይደለም። በየሳምንቱ በሚሠራ፣ በአንድ አገር በሚኖር፣ በሠራው ስሕተት ጠዋት በሚጠየቅ ቡድን የሚገነባ ነው።

መመርመሩም የራሱ ወጥመድ አለው። ማይትራሉ በጣም ሲጠብ ወደ ግራው ልብ የሚገባው ደም ያንሳል። ትንሽ ደም ሲያልፍበት የአኦርቲኩ መጥበብ በኢኮ ላይ ቀላል መስሎ ይታያል። የቸኮለ መርማሪ «አኦርቲኩ ቀላል ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ማይትራሉ ብቻ በፊኛ ይከፈታል፣ ከዚያ ደሙ ሲጎርፍ የተደበቀው በር ይጋለጣል። ልጅቷ ገና ከአንዱ ሳታገግም ለሌላው ወረፋ ትያዛለች። የኢኮ ማሽን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የሚያነበውን ሰው ማሠልጠንና ማቆየት ሌላ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ጭብጨባው ወደሚያበቃበት ቦታ።

ቫልቭ ሲቀየር ምርጫው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ከብረትና ካርቦን የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ኦሪገን አልበርት ስታር የተባለ ቀዶ ሐኪምና ሎወል ኤድዋርድስ የተባለ ኢንጂነር ኳስና ቀፎ የመሰለ ቫልቭ ሠርተው ማይትራሉን ከቀየሩ ወዲህ ዘመዶቹ ብዙ ተሻሽለዋል። አይበሰብስም፤ ሌሊት ጸጥ ሲል ባለቤቷ «ጠቅ፣ ጠቅ» ሲል ትሰማዋለች። ዋጋው ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን መዋጥ ነው፤ አለዚያ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፤ የረጋው ወይ በሩን ይቆልፋል፣ ወይ ተቆርሶ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያስከትላል። ሁለተኛው ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ነው። ዋርፋሪን ለዘለቄታው አይጠይቅም፤ ነገር ግን በወጣት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ካልሲየም ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ለዓመታት የጠበቀች ልጅ ሁለተኛውን ከየት ታመጣለች?

በሁለት ቫልቭ ላይ ምርጫው ይጠባል። አንዱን ብረት፣ አንዱን ሕብረ ሕዋስ ማድረግ ትርፍ የለውም፤ የዋርፋሪኑ ቀንበርም አለ፣ የዳግም ቀዶው ዕዳም አለ። የሚሻለው መንገድ፣ ማይትራሉ የሚጠገን ከሆነ፣ ጠግኖ አኦርቲኩን ብቻ መቀየር ነው። የአኦርቲክ ቦታ ደም ቶሎ ስለሚያልፍበት የመርጋት አደጋው ከማይትራሉ ያንሳል። ሁለቱም ብረት ሲሆኑ ግን የደሙ ቅጥነት የሚለካበት ቁጥር፣ አይኤንአር የሚባለው፣ ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል ዕድሜ ልክ መቆየት አለበት። ከዚያ ሲወርድ ደም ይረጋል። ሲያልፍ ይፈስሳል። ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው።

ይህ ቁጥር የት ይለካል? ይኸ ነው ጥያቄው። የሆስፒታሉ ሪፖርት ላይ «ተሳክቷል» የተባለላት ልጅ የመጣችው ከአዲስ አበባ አይደለም። ከወረዳ ነው፤ ከዚያም ከወረዳው ከተማ ግማሽ ቀን ከሚያስሄድ ቀበሌ። ጤና ጣቢያው አይኤንአር አይለካም። በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል ማሽኑ አለው፣ መመርመሪያው አልቋል። ወይም ሁሉም አለ፣ ውጤቱን አይቶ «ነገ ግማሽ ኪኒን ጨምሪ» የሚላት የለም። ስለዚህ በሦስት ወር አንዴ፣ በግ ተሸጦ፣ አዲስ አበባ ትመጣለች። ዋርፋሪን ግን የሦስት ወር ቀጠሮ የሚያከብር መድኃኒት አይደለም።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን ይበላል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋው ሲተካ መድኃኒቱ በድንገት ይበረታል። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክር «ጎመን አትብይ» የሚል ነው፤ ይህም ድሃ ቤት ውስጥ የማይፈጸም ምክር ነው። ትክክለኛው ምክር በየሳምንቱ ያው መጠን እንድትበላ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ እንድትለካ ማድረግ ነው። ሆዷን ሲቆርጣት ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የምትገዛው ሜትሮኒዳዞል አይኤንአሯን ይሰቅለዋል። ለወገብ ሕመም የሚሰጣት ዲክሎፌናክ የጨጓራ መድማትን ይጋብዛል። ቲቢ ይዟት ሪፋምፒሲን ብትጀምር ደግሞ ዋርፋሪኑ እንዳልተዋጠ ይሆናል። እነዚህ ሦስቱም በየመንደሩ የሚገኙ መድኃኒቶች ናቸው። ጠበል ስትሄድ ኪኒኑን እንድታቆም የሚነግራት ጎረቤትም አይጠፋም። ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም፤ ሲያጣሏቸው ግን በሳምንታት ውስጥ ቫልቩ ሊቆለፍ ይችላል።

«አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎችስ? ምርመራ የማያስፈልጋቸው?» የሚል ይኖራል። ለብረት ቫልቭ አይሆኑም። ዳቢጋትራን የተባለው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናት በብረት ቫልቭ ባለቤቶች ላይ ተሞክሮ የደም መርጋትም መድማትም ስለበዛ ጥናቱ ከመንገድ ተቋረጠ። ለጊዜው ያለው ዋርፋሪን ነው፤ ዋርፋሪን ደግሞ ልኬት ነው።

ወደ ሬሜዲ ጥናት እንመለስ ቢባል፣ በጣም የሚያስደነግጠው ቁጥር የሞቱ አይደለም። ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱት ሕሙማን መካከል አይኤንአራቸው በሚፈለገው ክልል የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ነበር። ለመውለድ በደረሱት ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት ደግሞ 3.6 በመቶ። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ሦስት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ሊያጎድል ይችላል፤ ማቆም ደግሞ ቫልቩን ሊያቆልፍ ይችላል። መፍትሔው በቅርብ ክትትል መድኃኒት መቀያየር ነው፤ ያ ክትትል የሌለበት ቦታ ያለች ሴት ከሁለት ሞት መካከል ትመርጣለች። ልጅቷ ከቀዶው በኋላ ትድናለች፣ ጉንጯ ይሞላል፣ ቤተሰብ «ይኸው ዳነች» ብሎ ይድራታል። በዓመቱ ለምን አላረገዘችም ትባላለች። ከቀዶው በፊት አንድ ሰው፣ በሚገባት ቋንቋ፣ ከእናቷ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ፣ «መውለድ ትፈልጊያለሽ? የትኛው ቫልቭ ምን ያስከፍልሻል?» ብሎ ሊጠይቃት ይገባ ነበር። ምናልባት ለእሷ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ዋስትና ካላት፣ የሕብረ ሕዋሱ ይሻል ነበር። ማንም ሳይጠይቃት በእጅ የተገኘው ቫልቭ ተሰፋላት። የወረቀቱ ፊርማ ግን የእሷ ነው።

«አገሪቱ ድሃ ናት፤ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው» ለሚሉት መልሱ ካርቱም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ድርጅት በካርቱም ዳርቻ ሶባ ላይ የሳላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከልን ከፍቶ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሕሙማንን በነጻ ሠራ። አብዛኞቹ የሩማቲክ ቫልቭ ሕሙማን ነበሩ። ከቀዶው ክፍል እኩል ቦታ የተሰጠው ግን የዋርፋሪን ክትትሉ ነበር፤ በሽተኛ ከተሠራ በኋላ ለዓመታት ይጠራል፣ ይለካል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ ያን በር የሚያንኳኳ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መንገዱ ተዘጋበት። ጎረቤት ላይ መተማመን እዚህ ድረስ ነው።

ኢትዮጵያ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳው ማኅበር ተቋቁሞ፣ ከሃያ ዓመት ልፋት በኋላ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል። ሳንቲም በየሳጥኑ እየተለቀመ ነው የተሠራው። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ያለ እንግዳ ቡድን ልብ ከፍተው ይሠራሉ። የጎደለው እጅ አይደለም፤ ለእጁ የሚቀርብለት ዕቃና ከእጁ በኋላ የሚመጣው ሥርዓት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ቫልቭ በብር ሲሰላ ዋጋው በወራት ውስጥ በእጥፍ ሄዷል። ለዚህም መንገድ አለ። ሕንድ በትሪቫንድረም የሚገኘው የስሪ ቺትራ ተቋም የሠራው ቫልቭ ከ1990 ጀምሮ ሰው ላይ ሲውል ቆይቷል፤ ዋጋውም ከምዕራባውያኑ በእጅጉ ይረክሳል። መንግሥት ለወባና ለቲቢ መድኃኒት በጅምላ እንደሚገዛ ሁሉ ለቫልቭም የጅምላ ግዢ ማድረግ ይችላል። ቫልቭን በሻንጣ በሚመጣ ስጦታ ላይ የመሠረተ አገር የትኛው መጠን እንደሚደርሰው አያውቅም፤ ጠባብ አኦርታ ላላት ልጅ ትልቅ ቫልቭ ከመደርደሪያ ቢገኝ ምን ይጠቅማል?

ክትትሉ አይቻልም የሚባለው ደግሞ ጨርሶ አያሳምንም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር «ገበሬ በሰዓቱ ኪኒን አይውጥም» የሚል ክርክር ነበር። ገበሬው ዋጠ። መድኃኒቱ እስከ ጤና ጣቢያ ወረደ፣ ቀጠሮ ያለፈበት በስልክና በእግር ተፈለገ፣ ነርሶች መጠን መስጠት ተማሩ። ዋርፋሪን ከዚያ የበለጠ የሚፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃ ውስጥ አይኤንአር የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ ማሽንና መመርመሪያ ስትሪፕ ነው። በዞን ሆስፒታል አንድ ማሽን፣ አንድ የሠለጠነች ነርስ፣ አንድ መዝገብ፣ መጠኑን በስልክ የምታማክረው አንድ ሐኪም። ስንት የሕንጻ ምረቃ በጀት ይበላል ይህ?

የወር መርፌውም አብሮ መነሣት አለበት፤ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው «አሁንማ አዲስ ልብ አለኝ» ብሎ ይተወዋል፣ አንዳንድ ቦታ ባለሙያውም ያስተወዋል። ስሕተት ነው፤ መከላከያው ከቀዶ በኋላም ይቀጥላል። ደግሞ መርፌው ሰው ገደለ የሚል ወሬ ስላለ የማይወጉ ጤና ጣቢያዎች አሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ከመርፌ በኋላ የሚከሰት ድንገተኛ ሞት በአብዛኛው ከአለርጂ ይልቅ ልባቸው እጅግ የተጎዳ ሕሙማን ላይ ከሚደርስ የልብ መድከም ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ለእንዲህ ያሉት የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ ጠቁሟል። ማለትም መልሱ ሁሉንም መከልከል ሳይሆን ከባዱን ለይቶ ማወቅ ነው። ልኬትና መዝገብ እንደገና።

ወረቀቱም አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ተሰብስበው «የአዲስ አበባ መግለጫ» የተባለውን ሰባት ነጥብ አወጡ፤ የሕሙማን መዝገብ፣ የማይቋረጥ ፔኒሲሊን፣ ለሴት ሕሙማን የሥነ ተዋልዶ አገልግሎት፣ ምርመራን ወደ ታች ማውረድ፣ የቀዶ ሕክምና ማዕከላትን ማቋቋም ሁሉም ውስጡ ናቸው። በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። የከተማዋ ስም የተጻፈበት ሰነድ በከተማዋ አሥር ዓመት አልፎታል፤ የአይኤንአር ማሽን ግን ከከተማዋ ወጥቶ ሩቅ አልሄደም።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ያለው ወገን ልቡ ቅርብ ነው፤ ጎፈንድሚ ሲከፈት በአንድ ሌሊት ይሞላል። አንዲት ልጅ ሕንድ ወይም ቱርክ ልኮ ማሠራት ክቡር ነገር ነው። ነገር ግን የተላከችው ልጅ ሁለት ብረት ቫልቭ ይዛ፣ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዛ፣ የሁለት ወር ዋርፋሪን ይዛ ነው የምትመለሰው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ከጅምሩ ሁለት መስመር ቢኖረው ምን ይከፋል? አንዱ ለቀዶው፣ ሌላው ከቀዶው በኋላ ላሉት አምስት ዓመታት፦ ለልኬት፣ ለትራንስፖርት፣ ለጥርስ ሕክምና ጭምር፤ ምክንያቱም ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ካልወሰደ ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ይህን ለሰፈር ጥርስ ነቃይ የነገረው የለም።

ጋዜጠኛውም ጥያቄውን ይቀይር። የሚቀጥለው የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲዘጋ ማይክሮፎኑን ይዞ «ስንት ተሠራ?» ማለቱ ካልቀረ፣ ሁለት ቫልቭ ተበላሽቶባቸው ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቱ እንደተሠሩና ስንቱ «ለሚቀጥለው» እንደተባሉ ይጠይቅ። ከዚያ አምና ከተሠሩት ውስጥ ባለፈው ወር አይኤንአራቸው የተለካው ስንት እንደሆኑ፣ በየትኛው ወረዳ እንደተለኩ፣ ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል የተገኙትም ስንት እንደሆኑ ይጠይቅ።